የባለሙያ ምላሽ፦ ጣሪያው ላይ የቀረው አሮጌ ዲሽ ኢንተርኔት ያመጣል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ከአሌክሳንድሪያ ወጥተን በቨርጂኒያ ሮኪንግሃም ካውንቲ፣ ከሃሪሰንበርግ በስተ ምዕራብ፣ ጫካ ዳር ያለ አሮጌ ቤት ገዛን። ኬብል የለም፤ የእጅ ስልክም ውጭ ካልወጣን አይሠራም። የቀድሞው ባለቤት ጣሪያው ላይ የቴሌቪዥን ዲሽ ትቶ ሄዷል። ይህን ዲሽ ለኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል? ካልተቻለስ ትልቅ ሳህን ብገጥም ፍጥነቱ ይጨምራል? ሁለት ፎርኬ ቴሌቪዥን ስለገዛሁ 300 ሜጋቢት የሚሰጥ ነው የምፈልገው። እናቴ ቀኑን ሙሉ የአማርኛ ፕሮግራምና ቅዳሴ በዩቲዩብ ይከታተላሉ፣ ማታ አገር ቤት በቪዲዮ ይደውላሉ። ካሜራ ሰቅዬም ከሥራ ቦታ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ዕቃ ደግሞ ደብረ ታቦር አካባቢ ገጠር ላለው ወንድሜ ብወስድለት ይሠራል?»

ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ ኢንተርኔት አያመጣም። እሱ የሚችለው መቀበል ብቻ ነው። ኢንተርኔት ግን መላክም ይፈልጋል፤ እናትዎ አንድ ቪዲዮ በነኩ ቁጥር ከቤትዎ ወደ ሰማይ የሚወጣ ጥያቄ አለ፣ ያንን የሚልክ ማሰራጫ ደግሞ የቴሌቪዥን ዲሽ ላይ የለም። ጫፉ ላይ ያለችው ኤልኤንቢ ከላይ የመጣውን ተቀብላ ወደ ገመዱ ከማውረድ ሌላ ሥራ የላትም። ኤልኤንቢውን ቢቀይሩ፣ አቅጣጫውን ቢያዞሩ፣ ሁለት ሜትር ሳህን ቢገጥሙ ለውጥ አይኖርም። «አስተካክልልሃለሁ» ብሎ ቀብድ የሚጠይቅ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን አይስጡት።

ሳህን ሲተልቅ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። ደካማ ሲግናል ያለውን ጣቢያ ለመያዝ ትልቅ ሳህን ይረዳል፤ ይህ እውነት ነው። የሳተላይት ኢንተርኔት ዕቃ ግን ከነሳህኑ፣ ከነማሰራጫው፣ ከነራውተሩ አንድ ላይ ተለክቶ የተሠራ ነው። የእርስዎ ምርጫ የትኛውን ኩባንያ ልያዝ የሚለው እንጂ ስንት ሴንቲሜትር ሳህን ልግጠም የሚለው አይደለም።

በኩባንያዎቹ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ሳተላይታቸው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ነው። ሂዩዝኔትና ቪያሳት የተባሉት ኩባንያዎች የሚጠቀሙባቸው ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ ሳተላይቱ ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። የጣሪያዎ ዲሽ አንዴ አቅጣጫው ተስተካክሎ ለዓመታት ሳይነካ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥቅሙ ይህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ መንገዱ መርዘሙ ነው፤ ጥያቄዎ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ እንደገና ወጥቶ እስኪወርድ 600 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ፣ ማለትም ከግማሽ ሰከንድ የበለጠ፣ ይወስዳል። ስታርሊንክ የተባለው ኩባንያ ሳተላይቶች በአንጻሩ ከ480 እስከ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ ምልልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ነው። ዝቅ ብለው ስለሚበርሩ ግን በሰዓት 27,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሮጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከእርስዎ ሰማይ ያልፋሉ። መሬት ላይ ያለው ጠፍጣፋ አንቴና ሳይንቀሳቀስ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይከተላቸዋል። ይህን ያስታውሱ፤ ስለ ዛፎቹ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ 300 ሜጋቢቱ እንምጣ። እርስዎ የጠየቁት ስለ ፍጥነት ነው፤ ችግር የሚፈጥርብዎ ግን መዘግየቱ፣ የዳታ ገደቡና የዛፉ ጥላ ነው። ኔትፍሊክስ ለፎርኬ የሚጠይቀው 15 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ለተራው ኤችዲ ደግሞ 5 ነው። ዩቲዩብ ለፎርኬ 20፣ በ1080 ለማየት 5፣ በ720 ለማየት 2.5 ይላል። ሁለቱ ቴሌቪዥኖች በአንድ ጊዜ ፎርኬ ቢያሳዩ፣ እናትዎ በቪዲዮ እየተነጋገሩ ልጅ ስልክ ቢነካካ፣ ሁሉ ተደምሮ 50 አይሞላም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እናትዎ ከሚከታተሏቸው የአማርኛ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በፎርኬ አልተቀረጹም፤ ቴሌቪዥኑ ምን ያህል ቢያምር ያልተቀረጸውን አይፈጥርም።

ቪዲዮ ማየትና በቪዲዮ መነጋገርም ኔትወርኩን የሚፈትኑት በተለያየ መንገድ ነው። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ወደፊት የሚታየውን ቀድመው ያወርዳሉ። ግቢዎ ውስጥ ሮቶ ካለ የመስመር ውሃ ለአፍታ ቢቋረጥ ቧንቧዎ እንደማይደርቅ ሁሉ፣ መስመሩ ለአምስት ሰከንድ ቢጠፋ ፊልሙ አይቆምም። ቪዲዮ ጥሪ ግን ማጠራቀሚያ የለውም። በሩቁ ሳተላይት እናትዎ «እንደምን አላችሁ» ብለው መልስ እስኪመጣ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይጠብቃሉ፤ በዚያ ላይ ከቨርጂኒያ እስከ ኢትዮጵያ ያለው የኬብል መንገድ የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይናገራል፣ ሁለቱም ዝም ይላል፣ «ይሰማል? ይሰማል?» ይባልና ጥሪው እዚያው ላይ ያልቃል። 100 ሜጋቢት የሚል ማስታወቂያ ይህን አያድነውም።

ሁለተኛው የሩቁ ሳተላይት ችግር የዳታ ገደብ ነው። ብዙዎቹ እቅዶች ለምሳሌ 100 ወይም 200 ጊጋባይት በሙሉ ፍጥነት ይሰጡና ከዚያ በኋላ ያዘገዩታል። እናትዎ በቀን ስድስት ሰዓት በ720 ጥራት ቢያዩ በወር ወደ 200 ጊጋባይት ይጠጋል፤ የኔትፍሊክስ ኤችዲ ደግሞ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቅ እቅድ፣ አንዳንዴም ለሁለት ዓመት የሚያስር ኮንትራት ጭምር፣ ለእርስዎ ቤት አይሆንም።

ይሁን እንጂ ማንኛውንም ሳተላይት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ አድራሻ አስገብተው የትኛው ኩባንያ ምን እንደሚያቀርብ የሚያዩበት የብሮድባንድ ካርታ አለው። ካርታው ስህተት አለበት፤ «አለ» የሚለው ሁሉ የለም፣ ስህተቱንም እዚያው ማመልከት ይችላሉ። ከዚያ ወደ ካውንቲው ቢሮ ደውለው በመንገድዎ ላይ ፋይበር የመዘርጋት እቅድ እንዳለና መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ቨርጂኒያ ለገጠር ፋይበር የራሷ የድጎማ ፕሮግራም አላት፣ በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ የመጣው 42.45 ቢሊዮን ዶላር የፌዴራል ገንዘብም ለየክፍለ ግዛቱ ተደልድሏል። ፋይበር በር ላይ ከደረሰ ሳተላይት አያስፈልግዎትም፤ ይህን የምለው ሳተላይት እየሰቀልኩ የምኖር ሰው ነኝ። በነገራችን ላይ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በወር 30 ዶላር ይቀንስ የነበረው የፌዴራል ድጎማ ሰኔ 1 ቀን 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር አብቅቷል፤ «እናቴን አስመዝግቤ ቅናሽ አገኛለሁ» ብለው ካሰቡ ይህ ሂሳብ ውስጥ አይግባ።

በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራው የቤት ኢንተርኔትም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ራስዎ ስልኩ ውጭ ካልወጣን አይሠራም ብለዋል። ተራራው ከማማው ጋር ካላስተያያችሁ ራውተሩ ተአምር አይሠራም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስልኩ ሁለት ሦስት የሲግናል መስመር ካሳየ ግን በውጭ አንቴና መሞከር ይቻላል።

ስለ አካባቢዎ ሌላም ልንገርዎ። ቤትዎ ያለው በብሔራዊው የሬዲዮ ጸጥታ ቀጣና ውስጥ ነው። ይህ በ1958 የተከለለ፣ ቨርጂኒያንና ዌስት ቨርጂኒያን የሚያካልል፣ ስፋቱ 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መሬት ነው። ምክንያቱ በዌስት ቨርጂኒያ ግሪን ባንክ የሚገኘው 100 ሜትር ስፋት ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው፤ ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣን እጅግ ደካማ ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ ከጎኑ ማሰራጫ ሲበዛበት መስማት ያቅተዋል። በቀጣናው ፈቃድ የሚጠየቅበት ቋሚ ማሰራጫ የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ ለቴሌስኮፑ ሰዎች ማሳወቅና ከእነሱ ጋር መነጋገር አለበት፤ የስታርሊንክ አገልግሎትም እዚያ ለዓመታት ተገድቦ ቆይቷል። ሃሪሰንበርግ አካባቢ ከግሪን ባንክ ራቅ ያለ ነው፤ ቢሆንም «ጎረቤቴ አለው» በሚል አይዘዙ። የራስዎን አድራሻ በኩባንያው ካርታ ላይ አስገብተው የሚሰጥዎት ለቤት የሚሆነው መደበኛ አገልግሎት መሆኑን ያረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ፋይበር በቅርቡ የማይመጣ ከሆነ የእኔ ምክር ስታርሊንክ ነው። ገደብ የሌለውን መደበኛ የቤት እቅድ ይያዙ፤ ለጉዞ ተብሎ የሚሸጠውን አይውሰዱ። ዋጋው በየጊዜውና በየአካባቢው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍልዎትም፤ ዕቃው ግን በ30 ቀን ውስጥ የሚመለስ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ከመብሳትዎና ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት መሬት ላይ አስቀምጠው ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት።

መሬት ላይ የሚሞከረው ሰማዩ ነው። ስልክዎ ላይ የኩባንያውን መተግበሪያ ያውርዱ፤ ዕቃው ሳይገዛም በስልኩ ካሜራ ሰማዩን አዙረው ሲያሳዩት የሚጋርደውን ይነግርዎታል። አንቴናው ወደ 110 ዲግሪ የሚጠጋ ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። 20 ሜትር ቁመት ያለው ኦክ ዛፍ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፣ አንቴናው በሚያዘነብልበት በኩል ደግሞ ከዚያም ይበልጥ። የሚያዘነብለው በሰሜን በኩል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ዲሽ የሚያየው ወደ ደቡብ ነው፣ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ስለሆነ። የቀድሞው ባለቤት በደቡብ በኩል የነበረውን ዛፍ አስቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ በሰሜን በኩል ያለውን ግን የሚቆርጥበት ምክንያት አልነበረውም። «ዲሹ እዚህ ይሠራ ነበርና አዲሱም እዚሁ ይሠራል» ብለው በአሮጌው እግር ላይ ቢያስሩት ጫካውን ትኩር ብሎ የሚያይ አንቴና ነው የሚኖርዎት።

የጋረደው ዛፍ ጥቂት ከሆነ መስመሩ ጨርሶ አይጠፋም። በየጥቂት ደቂቃው ለሰከንዶች ይቋረጥና ይመለሳል። ፊልሙ ላይ ምንም አይታይም፣ ጥሪው ላይ ግን የእናትዎ ዘመድ ፊት ደርቆ ይቀራል። ሰው ይህን ሲያይ ራውተሩን ይቀይራል፣ ኩባንያው ጋ ይጣላል፤ ጥፋቱ የቅርንጫፉ ነው። ሙከራውን በክረምት፣ ቅጠሉ በረገፈበት ጊዜ ካደረጉ ደግሞ መተግበሪያው «ጥሩ ነው» ያለው ሰማይ በሚያዝያ ቅጠል ሲለብስ እንደሚጠብ አስቀድመው ያስቡ።

ጣሪያ ላይ መስቀል ግዴታ አይደለም፤ ለአሮጌ ቤት ባላደርገው እመርጣለሁ። በየብሎኑ ቀዳዳ ውሃ የሚገባበት ዕድል አለ፣ በረዶ ሲኖርም መውጣት አደገኛ ነው። ክፍት ሜዳ ካለዎት እዚያ የብረት ምሰሶ በኮንክሪት ያቁሙ። ከአሁኑ መደበኛ ዕቃ ጋር የሚመጣው ገመድ 15 ሜትር ነው፣ 45 ሜትሩን ለብቻው ይገዙታል። ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገው ይቅበሩት፤ አካፋ ከመምታትዎ በፊት ግን 811 ይደውሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመር በየት እንደሚያልፍ ቀለም ይቀቡልዎታል፤ ሳይደውሉ መቆፈር በሕግም ያስጠይቃል። ምሰሶው ከቤቱ ዋና የኤሌክትሪክ የመሬት መስመር (ግራውንድ) ጋር መታሰር አለበት። በእርስዎ አካባቢ የበጋ መብረቅ ቀልድ ስላልሆነ ይህችን ሥራ ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ይስጡ፤ የቀረውን እርስዎና አንድ ጓደኛ በአንድ ቅዳሜ ትጨርሱታላችሁ።

ቤቱ የነዋሪዎች ማኅበር ያለው ሰፈር ውስጥ ከሆነና «ዲሽ ክልክል ነው» ቢሉዎት፣ ኤፍሲሲ በ1996 ያወጣው ደንብ ስፋቱ እስከ አንድ ሜትር የሆነን ዲሽ በራስዎ ይዞታ ላይ እንዳይሰቅሉ መከልከልን አይፈቅድም። የደኅንነት ጉዳይና ታሪካዊ ቤት ሲሆን ብቻ ነው ልዩ ሁኔታ ያለው።

ስለ መብራት። መደበኛው ዕቃ በአማካይ ከ75 እስከ 100 ዋት ይወስዳል፣ ቀንና ሌሊት። በወር ወደ 65 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በረዶ ሲወርድ ራሱን አሙቆ ስለሚያቀልጥ ከዚያም ይጨምራል። ገጠር ላይ መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ እርስዎ ቤት ስልክም ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ ለአንቴናውና ለራውተሩ ብቻ ይመድቡ፤ ስምንት ሰዓት ገደማ ይይዝልዎታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ቤት ውስጥ ስልክ የሚሠራው በዋይፋይ ብቻ ከሆነ፣ በእናትዎ ስልክ ላይ የዋይፋይ ጥሪን ያብሩና የድንገተኛ አድራሻውን ወደ አዲሱ ቤት ይቀይሩት። ያልተቀየረ እንደሆነ ወደ 911 ሲደወል አምቡላንሱ የሚላከው አሌክሳንድሪያ ወዳለው የድሮ አፓርታማ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ እንደ ልባቸው ለማይናገሩ እናት ይህ ከማንኛውም ሜጋቢት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። «ሳተላይቱ ደካማ ነው» ተብዬ ሄጄ ያየኋቸው ቤቶች አብዛኞቹ ችግራቸው ከራውተሩ ወዲህ ነው። አሮጌ የገጠር ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ድንጋይ፣ ጡብ፣ በልስን ሥር የተወጠረ የብረት መረብ፣ ሁሉም ዋይፋይ ይገድላል። ቴሌቪዥን የቆመ ዕቃ ነው፤ የቆመ ዕቃ በገመድ ይገናኝ። «ገመድ የት አገኛለሁ» ካሉ፣ ያ አሮጌ ዲሽ ያለው ብቸኛ ጥቅም እዚህ ጋ ነው። ከጣሪያው ወደየክፍሉ የተዘረጋውን ጥቁር የቴሌቪዥን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ሞካ የሚባል መቀየሪያ ቢሰኩበት ከመቶዎች ሜጋቢት በላይ ያለ ችግር ያሳልፋል። መጀመሪያ ግን ገመዱን ከዲሹ ይንቀሉት፣ በመሐል ያለውን የድሮ ማከፋፈያም ለሞካ በሚሆን ይለውጡ፤ አለዚያ አይሠራም። ለስልኮቹ ሩቅ ያለው ክፍል ዋይፋይ ካልደረሰው ሁለተኛ የዋይፋይ ማሰራጫ ይጨምሩ፣ እሱንም ከተቻለ በዚሁ ገመድ ያገናኙት።

ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካው ዕቃ ሮኩም ይሁን ፋየርስቲክ ወይም ጉግል ቲቪ፣ ለእናትዎ የሚሻለው ሪሞቱ ቀላል የሆነው ነው። ዩቲዩብ ላይ በራሳቸው ስም መለያ ክፈቱላቸው፣ የሚወዷቸውን ጣቢያዎችና የቤተ ክርስቲያናቸውን የቀጥታ ስርጭት መዝግቡላቸው፤ የልጆቹ ካርቱን ከቅዳሴው ጋር እንዳይደባለቅ። ጥራቱንም በአውቶማቲክ ይተዉት።

በየሱቁና በየቴሌግራሙ «አንዴ ከፍለህ ሁሉንም የአማርኛ፣ የአረብኛና የእንግሊዝኛ ቻናል» ተብሎ የሚሸጠውን ሳጥን ግን ቤትዎ አያስገቡ። ስርጭቱ የተሰረቀ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚህ የባሰው፣ በሰኔ 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ስም የለሽ የአንድሮይድ ሳጥኖች ገና ከፋብሪካ ወይም ሲከፈቱ በሚጫን መተግበሪያ ተበክለው፣ የገዛቸውን ሰው የቤት ኢንተርኔት ለወንጀለኞች መሸጋገሪያ እንደሚያደርጉ ነው የገለጸው። እናትዎ ቅዳሴ ሲያዩ የማያውቁት ሰው በእርስዎ መስመር የሰው ሂሳብ ሊሰብር ይችላል ማለት ነው።

የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎች ካሏችሁ ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጄሊፊን የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭነው በሁሉም ቴሌቪዥን ማየት ትችላላችሁ። ይህ በቤቱ ገመድ ውስጥ ብቻ ስለሚዞር ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ይሠራል።

ካሜራው ላይ ሁለት ነገር ይወቁ። የሳተላይቱ የመላኪያ አቅም ከመቀበያው በጣም ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ሜጋቢት አካባቢ። አራት ካሜራ ቀንና ሌሊት ወደ ኩባንያ ሰርቨር ከላከ የእናትዎ ጥሪ ይታነቃል። እዚያው ቤት ውስጥ የሚቀርጽና ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚልክ ይግዙ። ሁለተኛ፣ በስታርሊንክ የቤት እቅድ አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል፤ ስለዚህ ራውተሩ ላይ በር ከፍተው ከውጭ በቀጥታ መግባት የሚባለው የቆየ ዘዴ አይሠራም። የራሱ መተግበሪያ ያለው ካሜራ ችግር የለበትም፤ የራስዎን መቅረጫ ማየት ከፈለጉ ግን ስልክዎን ከቤትዎ ጋር በተቆለፈ መስመር የሚያገናኝ፣ እንደ ቴይልስኬል ያለ መሿለኪያ ፕሮግራም ይጠቀሙ።

ከተሠራም በኋላ የማይቀር ድክመት አለ። ከባድ ዝናብ ያዘለ ጥቁር ደመና ሲያልፍ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ማታ ሰው ሁሉ ሲገባ ፍጥነቱ ይወርዳል። የኢንተርኔት አድራሻዎ የሚታይበት ከተማም የእርስዎ ላይሆን ስለሚችል የአካባቢ ቻናል የሚሰጡ መተግበሪያዎች የሌላ ከተማ ዜና ሊያሳዩዎት ይችላሉ። ለዚህ ሲባል ኩባንያ መቀየር አያስፈልግም።

የወንድምዎ ጥያቄ ቀርቷል። አይውሰዱለት። ስታርሊንክ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ጎረቤት ኬንያ ከ2023 ጀምሮ ያለ መሆኑ ይህን አይቀይረውም። ዕቃው የት እንዳለ ራሱ ስለሚያውቅ ባልተፈቀደ አገር ኩባንያው አይከፍተውም። በእኛም በኩል በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የቴሌኮም አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ያለ ፈቃድ የገባ ማሰራጫ ጉምሩክ ላይ ቢያዝ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው። «በኬንያ ስም አስከፍትልሃለሁ» የሚሉ ደላሎች አሉ፤ ከእርስዎ ብር ወስደው ለወንድምዎ ጣጣ ይተዋሉ። እሱ ዘንድ ያለው የኢትዮሳት ሳህንም እንደ እርስዎ ጣሪያ ዲሽ ተቀባይ ብቻ ነው።

ለእሱ የሚሻለው ሲም ካርድ የሚወስድ የፎርጂ ራውተር፣ ከውጭ ከፍ ብሎ የሚሰቀል አንቴና፣ መብራት ከሌለ ደግሞ ትንሽ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ነው። መጀመሪያ በስልኩ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም ይዞ ከቤቱ በላይ ያለው ከፍታ ላይ ይሞክር፤ የተሻለ የያዘለትን ይምረጥ። ራውተሩን ከዚህ ገዝተው አይላኩለት። አሜሪካ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለአንድ ኩባንያ የተቆለፉ ናቸው፣ የሚይዙትም ሞገድ ከዚያው ጋር ላይገጥም ይችላል። ገንዘቡን ይላኩለትና እዚያው፣ ሲሙን አስገብቶ ሲሠራ አይቶ ይግዛ።